የማይሸነሸኑት እታለም

እህታችን እታለም ኅዳር 9 ቀን 1950 ዓ.ም. ከሬዲዮ ጠጋኝ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር፤ ባቡር ባለፈ ቁጥር የአባታችን መፍቻዎች ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር። ለቤቱ ሁለት ልጆች ብቻ ነበርን። እኔ በስድስት ዓመት የማንሳቸው እህታቸው ነኝ። ሥራዬ ልብስ ስፌት እንጂ ጽሕፈት አይደለም፤ አንደበቴም እንደ መርፌዬ ይወጋል እያሉ ያሙኛል። ይህን ሁሉ የተማረ ሰው አልፌ እፊታችሁ የቆምኩት ራሳቸው እታለም «አንቺ ጻፊው» ስላሉኝ ነው። የሟች ቃል ደግሞ አይጣልም።

«እታለም» ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ታላቄ ናቸውና። ከእኔ ቀጥለው እናታችን፣ ከዚያ ጎረቤቱ፣ በመጨረሻም ዩኒቨርሲቲው በሙሉ እታለም አላቸው። ሽበታም ፕሮፌሰሮች በር እያንኳኩ «እታለም አሉ ወይ?» ሲሉ ሰምቼ ስንት ቀን ስቄያለሁ። በአምስት ዓመታቸው አባታችን የፈቱትን ሬዲዮ ዕቃ አንድ በአንድ እያነሱ ጆሯቸው ላይ ያደርጉና «ድምፁ የትኛው ውስጥ ነው?» ይሉ ነበር አሉ። አባታችን «ሲገጣጠም ነው የሚመጣው» ቢሏቸው አልተዋጠላቸውም፤ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፉ። እናታችንም «ይቺ ልጅ ነገር ትወዳለች፤ እግዜር ይሁናት» አሉ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት በከፍተኛ ውጤት አጠናቀው በ1968 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ቤተሰቡ ሐኪም ይሆናሉ ብሎ ሲጠብቅ ሥነ ልቦና ነው የማጠናው ብለው መጡ። እናታችን «ሐሳብ ደግሞ ምን ይጠናል? ያው ሐሳብ ነው!» ብለው ሁለት ቀን ተቆጡ፤ በሦስተኛው ቀን ለጎረቤት ሲኩራሩ ሰማናቸው። በ1972 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1975 ዓ.ም. ሁለተኛውን ተቀብለው እዚያው በመምህርነትና በምክር አገልግሎት ባለሙያነት ተቀጠሩ፤ እስከ ጡረታቸውም ከዚያ አልተነቃነቁም።

በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ተማሪዎቻቸው ግን «ሸንሻኙ» ይሏቸዋል፤ እንደሚያውቁት አውቃለሁ፣ ስለዚህ እዚህ ማንሳቴ ነውር የለውም። የጋሼ ነገር እንዲህ ነው፦ ትልቅ ነገር ሲያዩ መጀመሪያ መቀስ ይፈልጋሉ። ሰው «ከፍቶኛል» ካላቸው መከፋቱን በእንቅልፍ፣ በምግብ ፍላጎት፣ በትኩረት፣ በማስታወስ ይሸነሽኑታል፤ እያንዳንዱን ለብቻው ይለኩታል፤ ያልተለካ ነገር አይታወቅም ባይ ናቸው። እታለም ደግሞ ሰው ተቆራርጦ በተለካ ቁጥር ሰውየው ራሱ ከመሀል ይጠፋል ይሉ ነበር። መከፋቱ ከቤቱ፣ ከሥራው፣ ከእናቱና ከትናንቱ ጋር አብሮ ካልታየ ምኑም አልታየም። ጋሼ ሺህ ሰው ለክተው ለሁሉም የሚሠራ አንድ ሕግ ይፈልጋሉ፤ እታለም አንድ ሰው ዓመት ሙሉ አዳምጠው ስለዚያው ሰው ብቻ ይጽፋሉ። በመጀመሪያ የተገናኙበት የክርክር ቀን ጋሼ «ሐሳብ ማለት የአንጎል ሥራ ነው፤ አለቀ» ቢሉ፣ እታለም ከኋላ ወንበር ተነሥተው «ስፌትም የመርፌ ሥራ ነዋ! ታዲያ እህቴ ምን ትሠራለች?» አሏቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ ይባላል። ጋሼ ከዚያ ቀን በኋላ ወር ሙሉ መልስ ሲፈልጉ ቆይተው፣ መልሱን ሲያጡ ለጋብቻ ጠየቋቸው።

በ1978 ዓ.ም. ተጋቡ፤ በ1980 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን፣ በ1984 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸውን ወለዱ። ቤታቸው ውስጥ በአንድ ኮሪደር ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የሥራ ክፍሎች ነበሩ። በጋሼ ክፍል የእጅ ሰዓት፣ መብራት ሲበራ የሚጫኑት የፍጥነት መለኪያ ቁልፍና ወፍራም መጋረጃ፤ በእታለም ክፍል ሁለት ወንበርና መስኮት ብቻ፤ በመካከላቸው ጠረጴዛ እንኳ የለም። ልጅ ሲያለቅስ ጋሼ ስንት ደቂቃ እንዳለቀሰ ይመዘግባሉ፣ እታለም ምን ሆነህ ነው ይላሉ። ወንዱ ልጅ እልኸኛ ሲወጣ ጋሼ «ይህ ከደም ነው፤ በእናቱ በኩል» ሲሉ እታለም «የለም፣ ከአስተዳደግ ነው፤ በአባቱ በኩል» ብለው መለሱ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ተከራከሩ። ተከራክረው ሲያበቁ ግን አንድ ላይ ዕቃ ያጥቡ ነበር፤ ተኳርፈው ሲያድሩ አላየሁም።

እታለም በሥራቸው ትዕቢት አልነበራቸውም። በ1991 ዓ.ም. አንድ ዳቦ ጋጋሪ ወንድሙ ከሞተበት ወዲህ ሳቅ ጠፋበት፣ ድካም ያዘው፣ ምድጃ አጠገብ ቆሞ ይበርደዋል ተብሎ እሳቸው ዘንድ መጣ። ስምንት ወር ስለ ወንድሙ አዋሩት፤ ምንም ለውጥ አልመጣም። አንድ ቀን ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ሰላም ቢሉት፣ መልሱ የሚመጣበት ጊዜ ስለረዘመባቸው «ይህን ሰው ደሙን አስመርምሪው» አሉ። የእንቅርት ችግር ሆኖ ተገኘ። ዳቦ ጋጋሪው በቀን አንዲት ክኒን እየወሰደ በሦስተኛው ወር እየሳቀ ተመለሰ። እታለም ይህን ስሕተታቸውን በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች ራሳቸው ይናገሩት ነበር፤ «ሙሉውን አያለሁ ብዬ አንገቱን ሳላይ ቀረሁ» እያሉ። ከዚያ ወዲህ የጋሼን መለኪያ ከልባቸው ያምኑ ጀመር። ባያምኑት ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ፤ ግን ምን ዋጋ አለው።

የጋሼ ትልቁ ሥራ የማስታወስ ፈተና ነው። አሥራ አምስት ቃላት ይነበቡልሃል፤ ሃያ ደቂቃ ሌላ ነገር ሲያሠሩህ ይቆዩና የምታስታውሰውን መልስ ይሉሃል። ዛሬ በብዙ ሆስፒታል የሚሠራበት ነው። ያ ዝርዝር የተሠራው እራት ጠረጴዛ ላይ ነው። የትኛው ቃል ይቀላል፣ የትኛው ይከብዳል፣ የቱ ከየቱ ጎን ቢሆን ይሻላል እየተባለ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱ ዝርዝር መጀመሪያ የተሞከረው በእታለም ላይ ነው። ከቃላቱም ብዙዎቹን የመረጡት እሳቸው ናቸው።

በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ለውጡን ያየሁት በ2012 ዓ.ም. ነው። ሱቄ በመድኃኒት ቤቱና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል ናት፤ እታለም ልብስ ሲያሰፉ ትከሻው፣ እጅጌው፣ ዝምዝማቱ እያሉ ሦስት ጊዜ ያስፈቱኛል። ያን ቀን በነጭ ክር ለልክ ያህል ብቻ የተያያዘ፣ አንድ እጅጌው በስፒል የተሰካ ቀሚስ አልብሻቸው ስልክ ለማንሣት ዞር ስል የሉም። እንደዚያው ለብሰው መንገድ ሲሻገሩ ደረስኩባቸው። «እታለም፣ ስፒሉ አይወጋሽም?» ብላቸው «ቆንጆ ነው» ብለው ሳቁ። ሳቁ የእሳቸው አልነበረም። ሌላ ቀን ወተት ምድጃ ላይ አርሮ ቤቱ ጢስ በጢስ ሆኖ፣ እሳቸው እዚያው አጠገቡ ተቀምጠው ጋዜጣ ሲያነቡ አገኘኋቸው፤ ሽታው አልሸተታቸውም። የልጅ ልጃቸው ወድቃ ስታለቅስ አይተው ጋዜጣቸውን ገለበጡ። እታለም! ለማያውቁት ሰው ልጅ እንኳ ሆዳቸው የሚባባው!

ጋሼ ዘንድ ሄጄ «ጋሼ፣ እህቴ እህቴ አይደለችም» አልኳቸው። «የትኛው ነገሯ ተለወጠ?» አሉኝ። «ሁሉ ነገሯ» አልኩ። «ሁሉ ነገር አይለካም፤ አንዱን ንገሪኝ» አሉ። የወተቱን ነገርኳቸው፤ ሰው ይረሳል አሉ። የቀሚሱን ነገርኳቸው፤ ሐሳብ ይዟት ነው አሉ። የልጅቷን ነገርኳቸው፤ ደክሟት ይሆናል አሉ። አንድ በአንድ ሲመዘዝ ለእያንዳንዱ ምክንያት አለው። እኔ ያየሁት ግን አንድ ላይ ነበር፤ አንድ ላይ የሚነገርበትን ቃል አጥቼ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

በመጨረሻ እታለም ራሳቸው «ፈትነኝና ይለይልን» አሉ። ጋሼ በራሳቸው ዝርዝር ፈተኗቸው። አሥራ አምስት ከአሥራ አምስት! ጋሼ ወረቀቱን ይዘው ሱቄ ድረስ መጡ፤ ፊታቸው እንደ ሙሽራ ፈክቶ ነበር። እኔም መሃይምነቴን ረግሜ አፌን ዘጋሁ። በዓመቱ ደግመው ፈተኗቸው፤ ሙሉ። ሌላ ጊዜም ፈተኗቸው፤ አሁንም ሙሉ። ክፉ ነገር እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው እውነት ነው፤ እኛ በወረቀት ስንደሰት ሁለት ዓመት ሄደ።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ደረጃ ላይ ወደቁ። ትልቋ ልጃቸው «አባዬ፣ በቃ!» ብላ ሆስፒታል ወሰደቻቸው፤ ሲቲ ስካን ተነሡ። ከግንባራቸው ጀርባ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ዕጢ ተገኘ። ሐኪሙ ካንሰር አይደለም አለን። ቀስ ብሎ ለዓመታት ያደገ ነው፤ መጀመሪያ የሚነካውም ጠባይን፣ ስሜትንና ማሽተትን ነው አለ። ከዚያ የተነሡትን ፊልም ወደ ብርሃን አዙሮ፣ «ከሁለት ዓመት በፊት ብትመጡ ሙሉ ለሙሉ ይወጣ ነበር፤ አሁን የደም ሥሮቹን አቅፏቸዋል» አለ። ታኅሣሥ ወር ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው የተቻለውን ያህል ወጣላቸው።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ ልትጠይቃቸው መጣች። ዕለቱን አላወቁትም። ቁርስ መብላታቸውን አላስታወሱም። የልጃቸውን ስም እስኪያወጡ ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች። ነርሷ ቀጥላ «አሥራ አምስት ቃላት አነብልዎታለሁ» ብላ የጋሼን ዝርዝር አወጣች፤ በዚያ ሆስፒታል የሚሠራበት እሱ ነውና። «ጀልባ» አለች። እታለም ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ «ጥፍር፣ ሎሚ፣ ደወል፣ ትራስ፣ አቧራ» እያሉ፣ ማንም ሳያነብላቸው፣ እስከ መጨረሻው ወረዱት። ነርሷ ደነገጠች። ጋሼ የአልጋውን ብረት ይዘው ቆመው ነበር። ዝርዝሩን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው በዚያ ዝርዝር አይፈተንም፤ ይህን ራሳቸው ጋሼ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ነው የሚያስተምሩት። ብረቱን ለቀው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ ሰማሁ። አላባበልኳቸውም።

ምን ይደበቃል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጋሼ ጀርባዬን ሰጠሁ። እህቴ የሚተኙበት ክፍል ሲገቡ እወጣለሁ፣ ሲወጡ እገባለሁ። ሰላም ሲሉኝ ግድግዳ አያለሁ። የእግዜር ሰላምታ የነፈግኩት ሰው በሕይወቴ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቀዶ ጥገናው ስድስት ወር ያህል እታለምን መለሰልን። ሳቃቸው መጣ፤ ነገራቸው መጣ፤ የነርሶቹን ጋውን ስፌት እየነቀፉ አሳቁን። በእነዚያ ወራት ጋሼ የሆነውን ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ በገዛ አፋቸው ነገሯቸው። እኔ በር ላይ ነበርኩ፤ እታለም ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «እኔም እኮ ዝርዝሩን በቃሌ እንደማውቀው አውቅ ነበር። ፈርቼ ነው። ሙሉውን ሳመጣ ፊትህ ሲበራ ማየት ፈልጌ ነው» አሏቸው። ሁለቱም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ሁለት የነፍስ ሊቃውንት አንድ ቤት ተቀምጠው፣ አንዱ ለአንዱ እየፈራ፣ ያወቁትን አላወቁትም።

ጋሼ ሲወጡ እኔን ጠሩኝ። የሕይወት ታሪካቸውን እኔ እንድጽፍ የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። «ስሕተቱንም ጻፊው፤ ተማሪዎቻችን ይማሩበት» አሉኝ። እኔም ተናድጄ «ቆይ ብቻ፣ ልክ ልኩን ነው የምነግረው» አልኩ። እጄን ያዙ። «አርባ ዓመት ያህል አብሮኝ የኖረን ሰው ከአንድ ወረቀት ከሠራሽው፣ ሸንሻኟ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ቢሆንም ልቤ አልራራም ነበር።

ከሐምሌ በኋላ የቀረው ዕጢ ማደጉን ቀጠለ። ቃላት ጥለዋቸው ሄዱ፤ እግር ከዳቸው። ጋሼ ፈተናቸውን፣ ሰዓታቸውን፣ መጋረጃቸውን ትተው የእታለም መስኮት አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጡ፤ ከአጠገባቸው አልተለዩም። ያጥቧቸዋል፣ ያበጥሯቸዋል፣ ማንኪያ በማንኪያ ያጎርሷቸዋል። አንድም ነገር ሲመዘግቡ አላየሁም። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁም ሰላም አላልኳቸውም፤ ያሳፍረኛል። እህታችን የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ በተወለዱ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ። አቤት እታለም! ለእኔ እኮ እናትም አንቺ ነበርሽ፤ ማንን ልጥራ ከእንግዲህ?

ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ የጻፍኩት ከትናንት በስቲያ ነው። ያ ጽሑፍ ውስጥ የጋሼ ስሕተት ሁለት ገጽ ሞልቶ ነበር፤ ከሟች ቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ ግን ስማቸው የለም። ልጃቸው ወስዳ አነበበችው። መልሳ ሰጠችኝና ዓይኗን አበሰች። ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ውስጡ እታለምን ፈለግኋቸው፤ የሉም። ጋሼን ባወጣሁበት ገጽ ሁሉ እሳቸውም አብረው ወጥተው ነበር። ዕቃ ያጠቡት ከማን ጋር ነው? በማን ነገር ሳቁ? ከማን ጋር ሠላሳ ዓመት ተከራከሩ? ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት።

ስለዚህ እህታችን እታለም ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆችና አንዲት ግትር ታናሽ እህት ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ወቅት ላስታመማችሁልን፣ ዛሬም ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ላጽናናችሁን ሁሉ፣ ፈጣሪ ብድራችሁን በደስታ ይክፈልልን።

እታለም፣ የፈጠረሽ አምላክ ነፍስሽን ሳይከፋፍል፣ ከነሳቋ፣ ከነክርክሯ፣ ከነፍርሃቷ፣ እንዳለች ይቀበላት።

ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፤ መጣሁ።